ያለ ግድግዳ የቆመ ቁም ሳጥን

ደበላ ቂመኛ ሰው ነው። ይህን ስንል ስሙን ማጥፋታችን አይደለም፤ ራሱም አይክድም። ሚስቱ አባይነሽ አንዳንዴ ሲመርራት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ይህን ቂም እሹሩሩ እያልክ አሳደግኸው እኮ!" ስትለው፣ አዎ የሚለውን በኖርዌይኛ አድርጎ፣ "ያ፤ አድጎልኛል" ብሎ ወደ እንጨቱ ይዞራል። የሚኖሩት ኦስሎ፣ አመሩድ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ በረንዳው በጣውላ ቁርጥራጭ በተያዘ ቤት ውስጥ ነው። እሷ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እሱ ከሰፈሩ በታች ባለ የቤት ዕቃ ማምረቻ አናጢ ነው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ጉልበቱም ደረጃ ላይ ያስቸግረዋል። እጁ ግን ገና አላረጀም።

ቂሙን የቋጠረበት ሰው ታደገ ይባላል። ሁለቱም ነቀምት ውስጥ በአንድ አናጢ ቤት አብረው እንጨት የላጉ፣ በአንድ ሳህን የበሉ፣ ኦስሎም በመጡ ጊዜ ሊንደሩድ ላይ አንዲት ምድር ቤት ተከራይተው አብረው የሠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ደበላ ይሠራል፤ ታደገ ይጭናል፣ ይገጥማል፣ ከደንበኛ ጋር ይስቃል። ታደገ መሳቅ ያውቅበታል። ሲስቅ ሰው ጥርሱን እያየ ሌላውን ነገር ይረሳል።

ነገሩ የተበላሸው በአደይ ትበርህ ቁም ሳጥን ነው። አደይ ትበርህ ፉሩሴት የሚኖሩ፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ያሳለፉ፣ አማርኛቸው ከትግርኛቸው የማይተናነስ ኤርትራዊት ናቸው። "አደይ" የሚላቸው ዘመዱም ባዳውም ነው። በኮሪደራቸው ላይ ቁም ሳጥን እንዲቆምላቸው ፈለጉ። ኮሪደሩ ደግሞ ጠባብ ነበር፤ እውነተኛ ቁም ሳጥን ቢገባበት ሰው በጎኑ ካልሆነ አያልፍም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። ለማያውቅ ሰው ቁም ሳጥንም ካቢኔትም በር ያላቸው ሣጥኖች ናቸው። ለአናጢ ግን ሁለቱ ዘመድ እንኳ አይደሉም። ቁም ሳጥን ልብስ ይሰቀልበታል፤ ስለዚህ ሆዱ ባዶ ነው። ኮት በመስቀያው ላይ ትከሻውን ዘርግቶ እንዲገባ ጥልቀቱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሆዱ ባዶ በመሆኑ ጎንና ጎኑን የሚያያይዝ መደርደሪያ የለውም፤ ጣሪያውና መሠረቱ ወፍራም ካልሆኑ፣ ጀርባውም ጎድጎድ ባለ ቦይ ውስጥ ካልገባ፣ ዛሬ ቀጥ ብሎ ነገ ይጣመማል። በጠባብ ደረጃ ስለሚያልፍም ተፈታቶ እንዲገጠም ተደርጎ ይሠራል። ካቢኔት ደግሞ ዕቃ ይደረደርበታል። መደርደሪያዎቹ ሁለቱን ጎኖች አቅፈው ስለሚይዙ ጣውላው ቢሳሳም ግድ የለም፤ በኮላ አንዴ ተጣብቆ ያልቃል። ሰሐንና አንሶላ ከያዘለት ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ታዲያ ከመውደቅ የሚይዘው የራሱ እግር አይደለም፤ ግድግዳው ነው።

ደበላ ለአደይ ትበርህ የሠራላቸው ከሁለቱ መሐል ያለ ነገር ነበር። ቁመቱ የቁም ሳጥን፣ ጥልቀቱ የካቢኔት። ልብሱ በጎኑ ሳይሆን ፊቱን ወደ ሰው አዙሮ እንዲሰቀል የመስቀያውን ብረት ከኋላ ወደ ፊት አስገባው። ሴትዮዋ መስታወት ስለሚወዱ በሁለቱም በሮች ውስጠኛ ፊት ላይ ረጃጅም መስታወት ለጠፈበት። ሲያልቅም ታደገን ጠርቶ፣ "ስሙ ቁም ሳጥን ይሁን እንጂ ሥራው ካቢኔት ነው። በሮቹ ከባድ ናቸው። አንዱ ሲከፈት ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲከፈቱ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል። ከግድግዳ ሳታስረው እንዳትመለስ" አለው። የማዕዘን ብረቶቹንና ብሎኖቹን በትንሽ ከረጢት ቋጥሮ በእጁ ሰጠው። ታደገም ሳቀ፤ "አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ" አለና ጭኖ ሄደ።

ታደገ ሊገጥመው የሄደው በእሑድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። በእነዚያ ሕንፃዎች እሑድ ቀን ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው፤ ገና ድሪሉ ሲጮህ ጎረቤት ለቦረትስላጉ፣ ለሕንፃው ነዋሪዎች ማኅበር፣ ይደውላል። ታደገ አቆመው፤ ሰኞ መጥቼ እበሳዋለሁ ብሎ አሰበ፤ ለአደይ ትበርህ ግን፣ "ቁም ሳጥን እኮ ነው አደይ፤ እንደ አገር ቤቱ በራሱ ይቆማል" አላቸውና ሻይ ጠጥቶ ወጣ። ሰኞ ሌላ ሥራ ነበረው። ማክሰኞም እንዲሁ። በዚያው ተረሳ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አደይ ትበርህ ለክርስትና ሊሄዱ ሲለባብሱ አንደኛውን በር ከፈቱ፣ ከዚያ ጀርባቸውን ለማየት ሁለተኛውን ከፈቱ። ያ ሁሉ እንጨትና መስታወት በላያቸው መጣ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል የወጡት በምርኩዝ ነው፤ እስከ ዛሬም ምርኩዙን አልጣሉትም።

ታደገ ምን ቢል ጥሩ ነው? "እኔ የሰጠኝን አቆምኩ። ደበላ ቁም ሳጥን ነው አለኝ፤ ቁም ሳጥን ከግድግዳ ይታሰራል እንዴ?" አለ። ሰውም አመነው። ለምን አያምነው! ሁሉም ያደገው በጭቃ ምርጊት ቤት ነው። ምርጊት ብሎን አይይዝም፤ እንዲያውም ቁም ሳጥን ከአይጥና ከእርጥበት እንዲርቅ ከግድግዳው ፈቀቅ ተደርጎ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ በራሱ መቆም ያቃተው ቁም ሳጥን የሠሪው ጥፋት ነው፤ ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ። ደበላ "ካቢኔት ነው ብዬዋለሁ፣ እሰረው ብዬዋለሁ" እያለ ቢለፈልፍ፣ "እንዴ፣ በር ያለው፣ ልብስ የሚሰቀልበት፣ ሰው የሚያህል ካቢኔት የት አገር ነው ያለው?" ብለው ሳቁበት። የብረቶቹን ከረጢት ቋጠሮው ሳይፈታ በታደገ መኪና ወለል ላይ አገኘው። ለማን ያሳየው? በኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ብርቱካን ይዞ አደይ ትበርህን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "እጅህን አታሳየኝ" አሉት። ብርቱካኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ይህን ለአባይነሽ እንኳ ሳይነግራት ብዙ ጊዜ ቆየ።

ይህም ይሁን። አንጀቱን ያሳረረው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አንድ እሑድ ታደገ በጉባኤው ፊት ቆመ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁን አነሣ፤ "ጌታ ሆይ፣ በሥራው ስንፍና እናታችንን የጎዳውን ወንድማችንን ደበላን ይቅር በለው" ብሎ ጸለየለት። ሕዝቡም አሜን አለ። ደበላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። አሜን ሲባል ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ጭው አለ። ተነሥቶ ወጣ፤ ወደዚያ ጉባኤም ዳግመኛ አልተመለሰም። ሽርክናው ፈረሰ፣ ከአገሩ ሰው ሥራ የሚያዘው ጠፋ፣ እሱም የፈረንጅ ማምረቻ ገብቶ ቅጥረኛ ሆነ። ታደገ ግን አናጢነቱን ትቶ ነጋዴ፣ ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነ። ደበላ ከእሱ የሚፈልገው ካሣ አልነበረም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ያ ካቢኔት ነበር፤ ያላሰርኩት እኔ ነኝ።" ይህንንም ጓዳ ውስጥ ሳይሆን አሜን ባሉት ሰዎች ፊት፣ አደይ ትበርህ እየሰሙ እንዲለው ነበር የሚፈልገው። ይህን አንድ ነገር እየጠበቀ ፀጉሩ ነጣ።

እንግዲህ ዓመታት አለፉ፤ ባለፈው የፀደይ ወራት አንድ ወጣት ማምረቻው ድረስ መጣ። ምስጉን ይባላል። መልከ መልካም፣ ፈጣን፣ አማርኛውን ከኖርዌይኛ የሚቀላቅል ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ እዚህ ሾውሩሙ ውስጥ ያለውን ቁም ሳጥን አንተ ነህ የሠራኸው አሉኝ። ላገባ ነው። ጥሎሹን በሻንጣ ማምጣት አልፈልግም፤ ኪየድሊ ነው፣ ይሰለቻል፤ ሁሉም ሰው በሻንጣ ነው የሚያመጣው። ልብሷን በሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅዬ፣ አዳራሹ መሐል አቁሜ፣ ራሷ ከፍታ እንድታየው ነው የምፈልገው። ሰርፕራይዝ ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው" አለው ደበላ፤ ደስም አለው። "ሙሽራዋ የማን ልጅ ናት?"

"ማዕዶት። የሽማግሌ ታደገ ልጅ።"

ደበላ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አንተስ የማን ነህ?"

"እኔን ያሳደገችኝ አያቴ ናት። ትበርህ ትባላለች፤ ፉሩሴት ነው የምንኖረው። ከእሷ ጋር ትተዋወቃላችሁ?"

"ያ፤ በመጠኑ" አለ ደበላ። አደጋው ሲደርስ ልጁ ገና ትንሽ ስለነበር፣ የወደቀውን ነገር እንጂ የሠሪውን ስም አያውቅም። ደበላም አልነገረው። ወረቀት ስቦ ንድፉን ጀመረ፤ ከአእምሮው ጠፍቶ የማያውቀውን ቅርጽ ሣለ። ያንኑ ቁመት፣ ያንኑ ቀጭን ጎን፣ ያንኑ ቢጫ የጥድ እንጨት፣ በሁለቱም በሮች ውስጥ መስታወት። ልጁ አይቶ፣ "ቆንጆ ነው፤ ትንሽ ቀጭን አይሆንም?" አለ። "ለአዲስ ቤታችሁ ይመቻል" አለው ደበላ።

እውነቱን እንነጋገርና፣ በመጀመሪያው ቀን ያሰበው እንዲወድቅ ነበር። ማንም አጠገቡ ሳይኖር፣ በባዶ ወለል ላይ፣ ታደገ እያየው ድብልቅልቁ እንዲወጣ። ይህን እያሰበ በባቡሩ ውስጥ ብቻውን ፈገግ ሲል ፊት ለፊቱ የተቀመጠች ሴት ቦታ ቀየረች። ቤቱ ሲደርስ ግን ሲወድቅ ሰው አጠገቡ አይቆምም ብሎ መማል እንደማይቻል ገባው። አንድ ዳሌ በእጁ ሥራ ተሰብሯል። ሁለተኛ አይሰበርም። ከዚህ ይልቅ የሚሻል መጣለት፤ በመጣለት ጊዜም ከአልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ።

"ምን ሆንክ?" አለች አባይነሽ።

ነገራት።

"በልጅቷ ሰርግ ላይ?"

"እኔ ላይ የተጸለየው የት ነው? በጓዳ ነው?"

"ልጅቷ ምን አደረገችህ?"

"ምንም። ለእሷ በሕይወቷ የምታገኘውን ምርጥ ቁም ሳጥን እሠራላታለሁ። ለአባቷ ደግሞ የእሱን ድርሻ።"

አባይነሽ ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አትሥራው አላለችም። እሷም በዚያ እሑድ አጠገቡ ተቀምጣ ያንን አሜን ሰምታለች።

እንዲህ አድርጎ ሠራው። ላይ ላዩን ሲያዩት የአደይ ትበርህ ካቢኔት ራሱ ተነሥቶ የመጣ ነው። ከሥር ግን ሌላ ነበር። እንደ ካቢኔት በኮላ ሳይጣበቅ፣ እንደ ቁም ሳጥን ተፈታቶ የሚገጠም አደረገው። መሠረቱን ለብቻው እንደ ጥልቅ ሣጥን ሠራና ለመንገድ ዳር ንጣፍ የሚሆን ጥርብ ድንጋይ ሞላበት፤ ድንጋዩን እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ቀርቅሮ ከላይ ከደነው። የቀጭኑን አካል ጎኖች እስከ መሠረቱ ወለል አስገብቶ በወፍራም ብሎን አሰራቸው። ጀርባውን ከስስ ጣውላ ሳይሆን ከአንድ ወጥ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጦ በቦይ ውስጥ አስገባው። የማምረቻው ኃላፊ ፊሊፕ፣ ኖርዌጂያዊ ነው፣ መጥቶ ድንጋዩን አየና፣ "ይህን የሚሸከመው ማን ነው?" ሲለው፣ "አንተና እኔ" አለው። ሲያልቅ ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጎ ከፈታቸው፤ አንዱን በር ፊሊፕ፣ አንዱን እሱ ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉ። ሁለት ሽማግሌዎች እግራቸውን አንሥተው በበር ላይ ሲወዛወዙ ማየት ያስቃል። ቁም ሳጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ደበላም ወርዶ እጁን አራገፈ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ፉሩሴት የተከራዩት አዳራሽ በቀትር ብርሃን ሞልቷል። ያ ጉባኤ በሙሉ አለ፤ የትበርህ ወገኖች አሉ፤ ሕፃናት በወንበሮች መሐል ይሯሯጣሉ። ደበላና ፊሊፕ ጠዋት ቀድመው መጥተው፣ ምስጉንም ልብሶቹን ሰቅሎበት፣ ቁም ሳጥኑ ከየትኛውም ግድግዳ ርቆ፣ በአዳራሹ ወለል መካከል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ታደገ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ይስቃል። አደይ ትበርህ ከእሱ ማዶ ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘዋል።

ጥሎሹ ይታይ ሲባል፣ እንደ ወጉ አንዱ ወገን አቅርቦ ሌላው ተቀብሎ እየገለጠ ሊያሳይ፣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጁ። ምስጉን በደስታ ተፍነክንኮ፣ "ጋሼ፣ ና ግለጠው" አለ። ደበላ ከኋለኛው በር አጠገብ ከቆመበት መጣ። ብዙዎች አወቁት፤ ጉምጉምታ ተነሣ። የታደገ ሳቅ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አደይ ትበርህ ሰውየውን ሲያዩ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አደረጉት። ደበላ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጥ ጨርቁን ሳበው።

እልልታው ቀለጠ። ታደገ ግን እልልታውን አልሰማም። ዓይኑ በቀጭኑ ጎን ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ቀስ ብሎ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ያለውን አየ፤ ግድግዳ የለም። ደበላ እሱን ብቻ ነበር የሚያየው። ይህን ፊት ለማየት ነው የኖረው፤ አሁን እያየው ነው።

ማዕዶት በነጭ የሐበሻ ቀሚሷ እየሳቀች ቀረበች። አንደኛውን በር ከፈተች፤ መስታወቱ ብርሃን ረጨ፤ ልብሶቹ ታዩ፤ እንደገና እልል ተባለ። እጇን ወደ ሁለተኛው በር ላከች።

"ማዕዶት!" ታደገ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሣ። "እንዳትከፍቺ! ሁለተኛውን እንዳትነኪ! ወዲህ ነይ!"

ልጅቷ እጇን በአየር ላይ እንደያዘች ዞረች። "አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"አልታሰረም! ከግድግዳ አልታሰረም፤ ይወድቅብሻል!"

ደበላ ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ለምን ይታሰራል፣ ታደገ? ቁም ሳጥን እኮ ነው። ቁም ሳጥን ከግድግዳ አይታሰርም ብለህ የለ?"

"ይሄ ምኑ ነው ቁም ሳጥን! ጥልቀቱን አታይም? ካቢኔት ነው! ሁለቱ በር አንድ ላይ ሲከፈት ወደ ፊት ይ..."

ምን እንደተናገረ ለራሱ የገባው ያን ጊዜ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ደግሞ ከእሱ ትንሽ ዘግይቶ ገባው። አንድ በአንድ ፊቶች ወደ አደይ ትበርህ ዞሩ።

አደይ ትበርህ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ። ቸኩለው አልነበረም። ወደ ቁም ሳጥኑ መጡና በምርኩዛቸው ጫፍ ቀጭኑን ጎን ነካ ነካ አደረጉት።

"ታደገ፣ ልጄ" አሉ። "የኔም እንዲህ ነበር። ልክ እንዲህ። ይሄ ካቢኔት ከሆነ የኔ ምን ነበር?"

ታደገ መሐረቡን አወጣ። መልሶ አስገባው።

"ጠየቅኩህ እኮ።"

"ያም ካቢኔት ነበር፣ አደይ።"

"እሰረው ብሎህ ነበር?"

ታደገ ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። ሴት ልጁ ፊት ለፊቱ ቆማለች። "ብሎኝ ነበር" አለ። "እሑድ ነበር። መብሳት አይቻልም። ሰኞ እመለሳለሁ ብዬ... ያላሰርኩት እኔ ነኝ።"

ደበላ ሰማው። ዓረፍተ ነገሩ በተመኘው ቅደም ተከተል ባይመጣም ሙሉውን መጣ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ይህን የምንደብቅበት ምክንያት የለም፤ ቂሙን የተሸከመ ሰው ሲያወርደው ደስ ይበለው። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደና ሁለተኛውን በር ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተው። ሰዎች ወደ ኋላ ሸሹ። ሁለቱን በሮች በሁለት እጁ ያዘና እግሮቹን ከመሬት አነሣ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሮቹ ላይ ተንጠለጠለ። ቁም ሳጥኑ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ይሄ ቁም ሳጥን ነው" አለ ወደ መሬት ወርዶ። "ቁም ሳጥን በራሱ ይቆማል። ሠሪው እኔ ነኝ።"

ከኪሱ አንድ ያረጀ ትንሽ ከረጢት አወጣ። ቋጠሮው አሁንም አልተፈታም። ታደገ ገና ሲያየው አወቀው። ደበላ በመዳፉ ላይ አስቀመጠለትና ጣቶቹን አጠፈለት። "መኪናህ ውስጥ ረስተኸው ነበር" አለው።

ወደ በሩ ሲሄድ ማዕዶት ተከተለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን ቁጣዋ ይበልጣል። "ጋሼ፣ ሌላ ቀን አልነበረም? የኔ ቀን ነበር እኮ።"

ደበላ ቆመ። ለዚህ አስቀድሞ ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ በሕዝብ ፊት የተሰደብኩትን በሕዝብ ፊት ነው የማነሣው የሚል። አፉ ላይ ግን አልመጣለትም። "ነበር ልጄ" አላት። "የአባትሽን አፍ የሚያስከፍት ግን ሌላ ሰው አላገኘሁም።" ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ አዳራሹ ተመለሰች። ይህ ትንሽ ጎረበጠው፤ ዛሬም ሲያስበው ይጎረብጠዋል። መልሰህ ታደርገዋለህ ወይ ብትሉት ግን "ያ" ይላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ምስጉን ደወለ። ቁም ሳጥኑ ሊንደሩድ ወዳለው አዲሱ ቤታቸው ገብቷል። "ጋሼ፣ አያቴ ከግድግዳ ይታሰር ብላለች። በራሱ ይቆማል ብላት አልሰማችም። ና ብላሃለች።"

"እሳቸው ናቸው እኔን ና ያሉት?"

"እሷ ናት።"

ደበላ ውሃ ልኩን ብቻ ይዞ ሄደ። አደይ ትበርህ ከሕንፃው በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል። ሲያዩት ምርኩዛቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኙን ዘረጉ። "እጅህን አምጣ" አሉት፤ "ይህን ደረጃ ብቻዬን አልችለውም።" ያን ጊዜ አታሳየኝ ያሉትን እጁን ሰጣቸው፤ ክንዱን ጥብቅ አድርገው ይዘው በዝግታ ወጡ።

መኝታ ክፍሉ ውስጥ ታደገ ሸሚዙን ጠቅልሎ በመሰላል ላይ ቆሟል። በአንድ እጁ ድሪል ይዟል፣ በሌላው ያንን ከረጢት። ማዕዶት በሩ ላይ ተደግፋ እጆቿን አጣጥፋለች፤ ማንንም አታይም። አደይ ትበርህ ከአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና በምርኩዛቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ።

"ይቁም አይቁም እኔ አላውቅም" አሉ። "እኔ የማውቀው የወደቀብኝን ነው። ታደገ ይሰረውና ልየው።"

ታደገ ቋጠሮውን ለመፍታት ሞከረ። ክሩ በዕድሜ ጠንክሮ እምቢ አለው፤ በጥርሱ ነከሰና በጠሰው። ብረቶቹ ትንሽ ዝገት ይዘዋል እንጂ ደህና ናቸው። ደበላ ውሃ ልኩን በቁም ሳጥኑ ራስ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋው መሐል ላይ እስኪቆም ጠበቀ። ታደገ የድሪሉን ጫፍ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ፤ ግን አልጫነውም።

"ጎረቤት አይቆጣም?" አለ ቀስ ብሎ።

ደበላ ቀና ብሎ አየው።

"ብሳ" አለው። "ዛሬ እሑድ አይደለም።"